«መጀመሪያ ይሽና»፦ የነርስ ጀምበሩ አለበል የሕይወት ታሪክ

ነርስ ጀምበሩ አለበል ከአባታቸው ከአቶ አለበል ቢተው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ባየሽ ተድላ በበጌምድርና ሰሜን ጠቅላይ ግዛት፣ በታች አርማጭሆ፣ ከሳንጃ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ሐምሌ 5 ቀን 1953 ዓ.ም. ተወለዱ። ክረምቱ ከብዶ ወንዙ ሞልቶ ስለነበር ክርስትና የተነሡት ከአርባ ቀናቸው ዘግይተው ነው ይባላል። አያታችን ወይዘሮ ባየሽ በሕይወት ሳሉ «ከተወለደ ጀምሮ በቀጠሮው የማይገኝ ልጅ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

ይህንን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት የበኩር ልጃቸው ትሕትና ጀምበሩ ነኝ። በየቀብሩ ሟች ሁሉ ደግ፣ ሟች ሁሉ ትዕግሥተኛ ሲባል እሰማለሁ። አባታችን ደግ ነበሩ፤ ትዕግሥተኛ ግን አልነበሩም፤ ግትርና ቁጡም ነበሩ። ይህን የማታውቁ ካላችሁ ልጃችሁን ወደ እሳቸው ይዛችሁ ያልሄዳችሁ ብቻ ናችሁ። ከማረፋቸው በፊት አንድ ነገር በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በግልጽ እንዲነገር ለምነው ነበር። ነገሩ ግን የታናሽ ወንድሜ የዘመነ ገመና ስለሆነ ዘመነ እንቢ አለ፤ እሳቸውም ልመናቸውን ትተው አረፉ። እንዴት ሆኖ ዛሬ ሊነገር እንደ በቃ በቦታው ይመጣል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ሳንጃ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያም ጎንደር አጎታቸው ዘንድ ተጠግተው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1971 ዓ.ም. አጠናቀቁ። ዘመኑ ክፉ ነበር፤ አብረዋቸው ከተማሩት ብዙዎቹ አልተረፉም። ስለዚያ ጊዜ ሲጠየቁ «ተርፌያለሁ፣ ይበቃል» ከማለት ሌላ አይጨምሩም ነበር። በ1972 ዓ.ም. ለጤና ረዳትነት ሥልጠና ተመርጠው ገቡ፤ በ1974 ዓ.ም. ተመረቁና ምድባቸው ቆላ ሆነ፣ ሽንፋ።

ለአንድ ዓመት ብለው መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ ኖሩባት። በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ በወባ ተንቀጥቅጦ፣ በካላዛር ሆዱ አብጦ፣ በትራክተር ተሳቢ ላይ ተጋድሞ ይመጣላቸው ነበር። ድንበር ተሻግሮ የሚመጣም አልጠፋም። እሳቸውም የሱዳኑን ዐረብኛ እንደ ነገሩ ለምደው «ወጀዕ ወይን?» እያሉ የት ጋ እንደሚያም ይጠይቁ ነበር። ሕዝቡ «ዶክተር» ሲላቸው «ጤና ረዳት ነኝ» ይላሉ፤ በኋላ ትምህርታቸውን አሻሽለው ዲፕሎማ ሲይዙ ደግሞ «ነርስ ነኝ» ይላሉ። ሰው ግን ዶክተር ማለቱን አልተወም፤ እሳቸውም መቆጣቱን አልተዉም።

ከሕክምናው ሁሉ ስማቸውን ያስጠራው ግን የወንድ ልጅ ግርዘት ነበር። በእኛ ዘንድ ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀኑ ይገረዛል፤ እስላም ጎረቤቶቻችንም በየራሳቸው ጊዜ ያስገርዛሉ። አባታችን እጃቸው ፈጣን ነበር። ሕፃኑ የመጀመሪያዋን ለቅሶ ሳይጨርስ ሥራው አልቆ ይጠቀለላል። መሣሪያቸውን ቀቅለው፣ እጃቸውን ታጥበው ስለሚሠሩም ቁስል የሚያመረቅዝበት ልጅ እምብዛም አልነበረም። ሴት ልጅ ይዞ የመጣ ሰው ካለ ግን ከደጃቸው ያባርሩታል፤ በዚህ ከማንም ጋር ተደራድረው አያውቁም። በከተማው ሌላ ገራዥ ጋሽ አዛናው ነበሩ። ጋሽ አዛናው ሙያውን ከአባታቸው የወረሱ የአገር ገራዥ ናቸው፤ ዛሬም በመካከላችን አሉ። አባታችን በወጣትነታቸው ጋሽ አዛናውን ይንቋቸው ነበር። ይህንን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው።

በ1980 ዓ.ም. ከወይዘሮ አየሁሽ ታከለ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። የእናታችን ቤተሰቦች ከጎጃም ለሰሊጥ እርሻ የወረዱ ናቸው፤ አባታችን የእናታችንን አነጋገር እየደገሙ ማሾፍ ልማዳቸው ነበር፣ እናታችንም መልስ አጥተው አያውቁም። በ1982 ዓ.ም. እኔ ተወለድኩ፤ በሚያዝያ ወር 1986 ዓ.ም. ደግሞ ዘመነ።

አባታችን እንዲነገር የፈለጉት ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ዘመነ ስምንት ቀን ሲሞላው እናታችን ጋሽ አዛናው ይጠሩ ብለው ነበር፤ አባት የገዛ ልጁን ባይገርዝ ይሻላል፣ እጁ ሊርድ ይችላል በሚል ነው። አባታችን ይህ ንቀት መሰላቸው። የሽንፋን ልጅ ሁሉ የገረዝኩ ሰው የራሴን ልጅ ለምላጭ እሰጣለሁ ወይ ብለው ተቆጡ። እንግዳው ተሰብስቦ፣ ምግቡ ቀርቦ እየጠበቀ ነው። በእንግዳው ፊት መፍጠናቸውን ለማሳየት ፈለጉ። ሕፃኑን በእልፍኝ አልጋ ላይ አስተኝተው ብልቱን አዩ፤ የሽንት ቀዳዳው ጫፍ ላይ፣ በቦታው አለ። ከሥር ገልብጠው አላዩም። ቆረጡት፣ ጠቀለሉት፣ ወጥተውም ከእንግዶቻቸው ጋር ማዕድ ቀረቡ።

ቁስሉ ደርቆ ካለፈ በኋላ እናታችን የልጁ ሽንት ወደ ኋላው እየፈሰሰ መቀመጫውን እንደሚያረጥበው ተናገሩ። አባታችን ገና ስላልዳነ ነው አሉ። ደጋግመው ሲነግሯቸው ደግሞ እናት ሁሉ ልጇ ላይ ነገር ትፈልጋለች አሉ። አንድ ቀን ግን በጠራራ ፀሐይ ደጅ ላይ ብድግ አድርገው ይዘውት ሳለ ሸና፤ ያን ጊዜ በዓይናቸው አዩት። ከጫፉ በኩል ጠብ ጠብ ይላል፤ ዋናው ሽንት የሚወርደው ግን ከሥር፣ ማንም ባላየው በሁለተኛው ቀዳዳ ነው። ልጁ ሁለት የሽንት መውጫ ይዞ ተወልዷል። እናታችን እንደሚሉት አባታችን በዚያ ቀን ልጁን ለእሳቸው አስረክበው ወደ ሥራ ሄዱ።

ልጁን ይዘው ጎንደር ሄዱ። እዚያ ያዩት ቀዶ ሐኪም እውነተኛ ሰው ነበሩ፤ እንዲህ ያለውን በመጽሐፍ እንጂ በዓይናቸው እንዳላዩት ሳይሸሽጉ ነገሯቸው። እስኪያድግ ጠብቁ፤ እስከዚያው ግን ማንም ሰው አንዱን ቀዳዳ ልድፈን ቢላችሁ እሺ እንዳትሉ አሉ። አባታችንም ይህን አጥብቀው ያዙ። በመሀሉ የሥርኛውን ቀዳዳ በሁለት ስፌት እዘጋላችኋለሁ ያለ አንድ የግል ባለሙያ ነበር፤ አባታችን አመስግነው ልጃቸውን ይዘው ተመለሱ። ያን ጊዜ እሺ ብለው ቢሆን ምን ይደርስ እንደነበር የተረዱት በኋላ ነው።

ዘመነ አደገ። እንደ እኩዮቹ ቆሞ መሽናት አይችልም፤ ከቆመ ሱሪው ይረጥባል። ተቀምጦ ሲሸና ልጆች አዩት፣ ስም አወጡለት። ያወጡለትን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ ያወጣችሁት ራሳችሁን ታውቃላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ ዛሬ ጢም አብቅላችሁ ከዚሁ ቆማችኋል። ወንድሜም አንድ መላ አገኘ፤ ውኃ መጠጣት ተወ። የሽንፋ ሙቀት ምን እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም። ጠዋት ከቤት ሲወጣ አይጠጣም፣ ትምህርት ቤት አይጠጣም፣ ሳይሸና ውሎ ይመለሳል። ሽንቱ እየቀላ፣ ወገቡን እያመመው፣ ትኩሳቱ እየተመላለሰ ስንት ጊዜ ወባ ነው ተብሎ ታከመ። በ1993 ዓ.ም. የሚያዝያ ሙቀት ክፍል ውስጥ ወደቀ። አባታችን ተሸክመው ወደ ቤት ሲያመጡት አየሁ፤ በሕይወቴ አባቴን ፈርተው ያየኋቸው ያን ቀን ነው። ኩላሊቱ ሳይሞት መታከም አለበት ብለው ቆረጡ።

በ1994 ዓ.ም. መጀመሪያ አባታችንና እናታችን ዘመነን ይዘው፣ እስከ ጎንደር በሰሊጥ መኪና፣ ከዚያ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገቡ። እዚያ የሕፃናት ቀዶ ሐኪም የሆኑ አንዲት ሴት ተቀበሏቸው። ልጁ በሽንት መውጫው መድኃኒት ተጨምሮለት ራጅ ተነሣ። ሐኪሟ ፊልሙን መስኮት ላይ ለጥፈው አስረዷቸው። ከሽንት ፊኛው ሁለት ቧንቧ ይወርዳል። የላይኛው ቀጭን፣ ለስሙ ያለ ነው። እውነተኛው የሥርኛው ነው፤ ሽንት የሚያግደው ጡንቻ ያለው በዚያ ላይ ነው። ሰው የሚሳሳተው ጫፍ ላይ ያለውን ትክክለኛ መስሎት የሥርኛውን ሲደፍን ነው አሉ፤ ያኔ ልጁ በቀጭኑ መሽናት አቅቶት ኩላሊቱ ይበላሻል። ሥራው የሥርኛውን ቧንቧ አስረዝሞ እስከ ጫፍ ማድረስ ነው። ለማስረዘሚያ የሚያገለግለውም የልጁ የራሱ ሸለፈት ነው፤ ስስ ነው፣ ፀጉር የለውም፣ ከቦታው አይርቅም። ይህን እያሉ ልጁን መረመሩ፤ ሸለፈቱ የለም።

«ማነው የገረዘው?» ብለው ጠየቁ።

እናታችን ወደ መሬት አዩ። አባታችን ሊዋሹ ይችሉ ነበር፤ ከቆላ ለመጣ ሰው አንድ የአገር ገራዥ መጥራት ማን ይከለክለዋል?

«እኔ ነኝ» አሉ።

ሐኪሟ አልተቆጡም። አባታችን ግን ቢቆጡኝ ይሻል ነበር ይሉ ነበር። ሐኪሟ ፊልሙን ከመስኮቱ አንሥተው፣ ከጉንጩ ውስጥ ስስ ቆዳ እንወስዳለን፣ ጊዜው ይረዝማል እንጂ ይሆናል አሉ።

ረዘመ። በመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ከጉንጩ የተወሰደው ቆዳ ከብልቱ ሥር ተነጥፎ ተሰፋ፤ እንዲለምድ ወራት ተጠበቀ። ወንድሜ አፉ ቆስሎ፣ ከታች ቆስሎ፣ ወተት ብቻ እየጠጣ ሰነበተ። በሁለተኛው፣ በ1995 ዓ.ም.፣ የተነጠፈው ቆዳ ተጠቅልሎ ቧንቧ ሆነ፤ ሽንቱ በላስቲክ ቱቦ እየወጣ ቆየ። ቱቦው ሲወጣ ከስፌቱ አንድ ቦታ አፈሰሰ። ይህ እንደሚያጋጥም ሐኪሟ አስቀድመው ነግረዋቸው ነበር፤ ቢሆንም ልጁ ያፈሰሰውን ሲያይ ግድግዳ ዞሮ ተኛ። እናታችን አዲስ አበባ ክፍል ተከራይተው ከልጃቸው ጋር ከረሙ፤ አባታችን ፈቃድ በወጣላቸው ቁጥር ይመላለሱ ነበር። እኔ ሽንፋ በእናቴ በኩል ካሉት አያቴ ዘንድ ቀርቼ እቀና ነበር፤ እውነቱን ለመናገር አዲስ አበባ እያዩ ነው ብዬ ነው የቀናሁት። በ1996 ዓ.ም. ያፈሰሰው ቦታ በሦስተኛ ቀዶ ሕክምና ተዘጋ።

ቱቦው ለመጨረሻ ጊዜ የወጣ ዕለት ዘመነ ብቻውን የሆስፒታሉ መጸዳጃ ቤት ገባ፤ ማንም እንዳይከተለኝ አለ። አባታችን ከበሩ ውጭ ቆሙ። ሽንት ግድግዳ ሲመታ ሰሙ። ልጁ በሩን ከፍቶ ወጣና «አባዬ፣ ግድግዳውን መታሁት» አላቸው። አባታችን ይህንን በተረኩ ቁጥር ከዚህ አያልፉም ነበር፤ ወደ ሌላ ወሬ ይዞራሉ።

ሽንፋ ከተመለሱ በኋላ አባታችን የሥራቸውን ሥርዓት ቀየሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ወንድ ልጅ በዓይናቸው ፊት ሳይሸና አልገረዙም። ሕፃን ይዞ የመጣን ሁሉ «መጀመሪያ ይሽና» ይሉታል። እናት ታጠባለች፣ ሕፃኑ ተፈትቶ በጉልበቷ ላይ ይተኛል፣ ሁሉም አንድ ብልት ላይ አፍጥጦ ይጠብቃል። ሕፃን ደግሞ ሽና ሲሉት አይሸናም። ከእርሻ ካምፕ በተሳቢ የመጡ እናቶች አሉ፣ ትራክተረኛው ልመለስ ነው እያለ ጥሩንባውን ይነፋል፤ አባታችን አይነቃነቁም። በችኮላ አስገርዞ መሄድ የፈለገ ካለ ልጁን ይዞ ይሂድ ይሉ ነበር። ከተማው «ሽንት ጠባቂው» ብሎ ሰየማቸው። ስሙን ሲሰሙ አልተቆጡም፤ «ዶክተር» ከሚሉኝ ይሻላል አሉ። አንዳንዱ ሕፃን ፊታቸው ላይ ሲሸና አንገታቸውን እየጠረጉ ቀጥ ብሎ ነው የመጣው እያሉ ይደሰቱ ነበር።

በመተማ ዮሐንስ የታወቁት ነጋዴ ሐጂ ኸሊል ይህንን ያውቃሉ። በ2000 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ሳጂድን ለማስገረዝ በሬ ጥለው፣ ከሱዳኗ ገላባት ማዶ ሳይቀር ዘመድ ጠርተው ነበር። ሳጂድ ለግርዘቱ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ ተዘጋጅቷል፤ አባታችን ግን መጀመሪያ ይሽና አሉ። ልጁ ሸና፤ ሽንቱ ከጫፉ ሳይሆን ከሥር ወጣ። የእሱ ቀዳዳ አንድ ብቻ ነበር፣ ቦታው ግን የተሳሳተ። አባታችን መሣሪያቸውን ወደ ቦርሳቸው መልሰው አልገርዝም አሉ። ሐጂ ኸሊል በእንግዳ ፊት አዋረድከኝ ብለው ክፉኛ ተቀየሙ፤ ከመካከል ሌላ ገራዥ ይጠራ ያለም ነበር። አባታችን በሩ ላይ ቆመው ሥጋው ይበላ፣ ቆዳው ግን አይነካ ብለው ተከራከሩ። በማግሥቱ ሐጂ ኸሊል ሲበርድላቸው ልጁን ይዘው ወደ ሐኪም ሄዱ። ሳጂድ ሸለፈቱ ስለነበረው በአንድ ቀዶ ሕክምና ተስተካከለ። ያን ጊዜ አባታችን በጣም ተደሰቱ፤ ቤት ሲገቡ ግን ዘመነ ደብተሩን ዘርግቶ ሲያጠና አይተው ተመልሰው ወጡ። በአንድ ቀዶ ሕክምና የሚያልቀው በልጃቸው ሦስት ሆኗል።

ከዚያ በኋላ አባታችን፣ ሐጂ ኸሊል ራሳቸው መስጊድ ይዘዋቸው እየገቡ፣ አስተማሩ፤ በየቤተ ክርስቲያኑም ከቅዳሴ በኋላ ቆመው ተናገሩ። ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን አሠልጥነዋል፤ ከሽንፋ እስከ ሳንጃ ያሉ የአገር ገራዦችን እየዞሩ መክረዋል። ሲያስተምሩ ሁልጊዜ «በችኮላ የተገረዘ አንድ ልጅ አውቃለሁ» ይሉ ነበር። የማን ልጅ እንደሆነ አይናገሩም፤ ማን እንደገረዘውም አይናገሩም።

ሰው ባዶውን ቦታ በራሱ ሞላው። ሽንፋ ውስጥ ከሐኪም ጀምበሩ ሌላ ገራዥ ማን አለ? ጋሽ አዛናው። ልጅ ያበላሸው አዛናው ነው ተባለ። አንድ እናት ቀረች፣ ሌላዋም ቀረች፤ በመጨረሻ ማንም አልጠራቸውም። ጋሽ አዛናው የአባታቸውን ሙያ ትተው የእርሻ መጋዘን ዘበኛ ሆኑ። አባታችን ወሬውን ሲሰሙ እሱ አይደለም ይላሉ፤ ታዲያ ማነው ሲባሉ ግን ዝም ይላሉ። ዝምታቸው ወሬውን አባሰው።

በ2004 ዓ.ም. አባታችን መጋዘኑ ድረስ ሄደው ልጁ የእኔ ነው፣ የገረዝኩትም እኔ ነኝ ብለው ለጋሽ አዛናው ተናዘዙ። ጋሽ አዛናው አልጮኹም፣ አልተሳደቡም።

«ለእኔ መንገርህ ምን ያደርግልኛል? ለሰው ንገር» አሏቸው።

አባታችን እነግራለሁ ብለው ቃል ገቡ። ግን ዘመነ ያን ጊዜ ጎረምሳ ነው፤ ትምህርት ቤት ያወጡለት ስም ገና አልተረሳም። ዘንድሮ ይቅር፣ ፈተናውን ይጨርስ፣ ዩኒቨርሲቲ ይግባ እያሉ ዓመቱን ገፉት። ጋሽ አዛናውም ሰላምታ ነፈጓቸው። በመንገድ ሲተላለፉ አባታችን ኮፍያቸውን ያነሣሉ፤ ጋሽ አዛናው አያዩም። እኔ ይህንን የሰማሁት አባታችን ከታመሙ በኋላ ነው፤ ለዘመነ እንዳልነግረውም አስምለውኛል።

ዘመነ በግብርና ተመርቆ ወደ ቆላው ተመለሰ። በ2009 ዓ.ም. ከወይዘሮ ወንጌል ጋር ተጋቡ። አባታችን በሠርጉ ቀን ሲጨፍሩ ያያቸው ሰው ቁጣቸውን ሁሉ ይቅር ይላል። በዚያው ዓመት ክረምት ላይ ጉበታቸውን ታመሙ። ጎንደር ሄደው ተመረመሩ፤ የጤና ባለሙያ ስለነበሩ የተነገራቸውን ከእኛ ቀድመው ተረዱትና በቤቴ ልሁን ብለው ሽንፋ ተመለሱ።

በመስከረም ወር ዘመነንና እኔን ጠሩን። ስሞት የሕይወት ታሪኬ ይነበባል፤ ቆላው ሁሉ ይሰበሰባል፣ ካህናቱም ሐጂ ኸሊልም እናቶችም ይኖራሉ፣ ከዚያ ወዲያ ሰው ሰብስቤ ማስተማር አልችልም፤ የልጄን ነገር እኔ እንዳበላሸሁት በስሜ አንብቡልኝ አሉ። ስለ ጋሽ አዛናው አንድ ቃል አልተነፈሱም። ለምን ብዬ ለብቻቸው ስጠይቃቸው፣ ለዘመነ ከነገርኩት እንቢ ማለት አይችልም፤ እሺ ቢል ወዶ ይበል እንጂ አዛናውን በጫንቃው ላይ አልጭንበትም አሉኝ። ዘመነ አልቻለም። አዲስ ባለትዳር ነኝ፣ የሚስቴ ቤተሰቦች ይሰማሉ፣ ያ ስም ተመልሶ ይመጣብኛል አለ፤ አለቀሰም። አባታችን እጁን ይዘው «የልጁ ገመና ነው፣ የእኔ አይደለም። ተይው ትሕትና» አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩን አላነሡም። እኔ ግን ልባቸው እንዳልረጋ አውቅ ነበር፤ ንስሐ ገብተው፣ ቆርበው እንኳ ከተኙበት ወደ በሩ ያዩ ነበር።

ትናንት ጥቅምት 14 ቀን 2010 ዓ.ም. ማለዳ በተወለዱ በ56 ዓመታቸው በመኖሪያ ቤታቸው ዐረፉ።

ሰው ገና ሳይሰማ፣ ድንኳን ሳይተከል፣ መጀመሪያ የደረሱት ጋሽ አዛናው ነበሩ። የዘበኝነት ካፖርታቸውን እንደለበሱ ገብተው ከአስከሬኑ እግር ሥር ቆመው አለቀሱ፤ ከዚያ ወጥተው ከወጣቶቹ ጋር የድንኳን እንጨት ይተክሉ ጀመር። ዘመነ አይቷቸው እኚህ ሰውዬ ከአባዬ ጋር ተኳርፈው አልነበረም ወይ አለኝ። እኔም መሐላዬን አፈረስኩ፤ ለአባቴ የማልኩትን ቀብራቸው እንኳ ሳይፈጸም ማፍረሴን እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ሁሉንም ነገርኩት። ወንድሜ ሄዶ ከጋሽ አዛናው እጅ እንጨቱን ተቀበላቸውና አብሮ ተከለ። የተነጋገሩትን አልሰማሁም። ከሚስቱ ከወንጌል ጋርም ተማከረ፤ ተመልሶ ሲመጣ ጻፊው አለኝ፣ ስሜንም እንዳትደብቂው።

ስለዚህ ሰው ሁሉ ይወቅ። በሽንፋ ከተማ በችኮላ የተገረዘው ልጅ ዘመነ ጀምበሩ ነው። የገረዙት አባቱ ነርስ ጀምበሩ አለበል ናቸው። ጋሽ አዛናው ያን ልጅ በእጃቸው ነክተውት አያውቁም። ወንድ ልጅ የወለዳችሁም፣ የምትወልዱም፣ ምላጭ ከመነሣቱ በፊት ልጁ ሲሸና እዩ፤ ከሥርም ገልብጣችሁ እዩ። ያልገባችሁ ነገር ካያችሁ አታስቆርጡ፤ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ነርስ ጀምበሩ አለበል ባለቤታቸውን ወይዘሮ አየሁሽ ታከለን፣ ልጆቻቸውን ትሕትናንና ዘመነን፣ ምራታቸውን ወንጌልን፣ እንዲሁም በሳንጃና በጎንደር ያሉ ወንድምና እኅቶቻቸውን ትተው ሄደዋል። በሕመማቸው ጊዜ ያስታመማችሁ፣ ከሩቅም ከቅርብም መጥታችሁ ያስተዛዘናችሁን ሁሉ ብድሩን እግዚአብሔር ይክፈልልን። የአባታችንን ነፍስ በደጋጎቹ አባቶች በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ በእጃቸው የበደሉትንም በእጃቸው የረዱትንም እሱ ይመዝንላቸው።

በቀብሩ ላይ ያልተገኛችሁና ይህንን ወረቀት በኋላ የምታነቡ አንድ ነገር እንድታውቁ እፈልጋለሁ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። በሕዝቡ ፊት፣ ከአባቱ ሳጥን አጠገብ፣ ጋሽ አዛናውን በቀኙ አቁሞ፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ እያነበበው ያለው ግን ዘመነ ነው።